ጥቁር ኮፈኖ ላይ የጥድ ሙጫ

መኪናዬን ጥድ ስር እንዳቆም ያደረጉኝ አባቴ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ የእሳቸው ነው ለማለት አይደለም። ያኔ ግን እንደዚያ እል ነበር፤ ደጋግሜና ጮክ ብዬ።

የመጀመሪያ ልጃችን ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው ነው ከአዲስ አበባ የመጡት። "ሕፃኑን ታቅፌ ነው የምመለሰው" ብለው ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አውጀው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ አፓርታማ ላይ ተቀምጠው ምን ይሥሩ? እንግሊዝኛ የለ፣ መንጃ ፈቃድ የለ። የቀረቻቸው የእኔ መኪና ነበረች። ጠዋት ጠዋት በባልዲ ያጥቧታል። ከሥራ ስመለስ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው ይጠብቁኝና ከጥዱ ስር ያለውን ቦታ በእጃቸው እያሳዩ፣ "ጥላው ስር አግባት፣ ፀሐይ ቀለሟን ይበላዋል" ይሉኛል። አንድ ቀን ሌላ ሰው እዚያ ሊያቆም ሲል ቦታው መሀል ቆመው አልነቃነቅ ብለዋል አሉ። ጎረቤቶቼ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ አልሳቅኩም፤ አፈርኩባቸው።

ሰኔ ሲሞቅ ጥዱ ሙጫውን ማንጠባጠብ ጀመረ። ጠብታው ጥቁሩ ኮፈኖ ላይ እንደ ማር ተንጠባጥቦ እንደ ድንጋይ ደረቀ። መኪናዋ እንጀራዬ ናት፤ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት ሰው የማመላልሰው በእሷ ነው። ዓርብ ደግሞ የመኪናዋ ደህንነትና መልክ የሚመረመርበት ኢንስፔክሽን ነበረብኝ። እራት ላይ ለባለቤቴ ሳማርር አባቴ ሰሙ።

ሐሙስ ጠዋት እኔ ተኝቼ ሳለ ወረዱ። ከወጥ ቤታችን የያዙት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነበር፤ የተጠቀሙት በአረንጓዴው፣ በሻካራው በኩል ነው። የጭነት መኪናቸው ላይ ሬንጅ ሲጣበቅ በነጭ ጋዝና በሽቦ ፈግፍገው ሲያስለቅቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ነቅቼ ስወርድ ሙጫው በሙሉ ለቋል። ኮፈኖው ግን ከዳር እስከ ዳር ተጫጭሮ አመድ መስሏል።

"አየህ፣ አንድ አልቀረም" አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልኳቸውን ረሳሁ ብል ውሸቴን ነው። "አርባ ዓመት ነዳሁ ይላሉ፣ አንድ መኪና ማጠብ አያውቁም! የፈገፈጉት እንጀራዬን ነው። ምነው ባልመጡ!" ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው ሁለት አዛውንቶች ደረጃው ላይ ቆመው ይሰማሉ። አባቴ እነሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ስፖንጁን እርጥብ እንደሆነ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እውነቱን ልናገር፤ ስጮህ ደስ ይለኝ ነበር። ስምንት ዓመቴ ላይ የጭነት መኪናቸውን በር በሚስማር ጫርክ ብለው ሰፈሩ እያየ በቀበቶ ገርፈውኛል። ቂሙ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። አላለቀም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅርባችን ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወደሚገኝ አንድ አበሻ የመኪና ቀለም ባለሙያ ሄድኩ። ሰውየው ኮፈኖውን በጥፍሩ ዳሰሰና ሳቀብኝ።

"ከቀለሙ በላይ ያለውን ክሊር ኮት ብቻ ነው የነካው፣ በማሽን ወልውዬ ባፍ አደርገዋለሁ። ሁለተኛ ሙጫ ሲያርፍብህ ጨርቅ አልኮል ውስጥ ነክረህ ላዩ ላይ ተውለት። እስኪለሰልስ ጠብቅና ቀስ ብለህ ጥረገው፣ እንዳትፈገፍገው። ሙጫ እንዳይዛት ዋክስ ቀባት። ደግሞ ከጥድ ስር አውጣት እንጂ ወንድሜ!"

ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም። ኮፈኖው መስታወት ሆነ። ዓርብ ኢንስፔክሽኑን አለፍኩ።

ለአባቴ አልነገርኳቸውም። የመኪና ልብስ ገዝቼ አለበስኳትና ከሕንጻው ጀርባ ማቆም ጀመርኩ። "ኢንስፔክሽኑ ላይ ምን አሉህ?" ብለው ሲጠይቁኝ "ምን ይሉኛል" ብዬ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ባልዲውን አልነኩትም። መስኮቱ ዳር ተቀምጠው ጥዱን ሲያዩ ይውላሉ።

በሳምንቱ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። አባቴ የትኬቴን ቀን አስቀድሚልኝ ብለው አስቀይረዋታል። "ሌላ ነገር ሳላበላሽበት ልመለስ" ብለዋል። ባለቤቴ ሆዷን በእጇ ደግፋ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"ንገራቸው እንጂ! እኔ ብነግራቸው ልጄ ደበቀኝ ብለው ያዝናሉ፣ ከአንተ አፍ ይስሙት። መኪናዋ ድናለች ካልካቸው ይቀራሉ።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኳት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ትንሽ ይንገብገቡ ብዬ ከዛሬ ወደ ነገ ገፋሁት፣ ከነገም ወደ ሌላ ነገ።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ሻንጣቸውን ይዤ ወረድኩና የመኪናዋን ልብስ ገፈፍኩ። አባቴ ኮፈኖው ፊት ቆሙ። ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

"ጭረቱ ለቀቀ እንዴ?"

"ለቀቀ።"

"መቼ?"

"ትናንት" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እኔኮ እስከ መጨረሻው ያበላሸሁብህ መስሎኝ..." አሉና ሻንጣው ላይ ዓይናቸው አረፈ። "ምናለ ትንሽ ቀደም ብሎ በለቀቀ። ሕፃኑን ታቅፌ እሄድ ነበር።"

መኪናው ውስጥ እስከ ኤርፖርት ድረስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም እንዳይነኩ ተጠንቅቀው ተቀመጡ። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ነዳሁ። ያኔም መንገር እችል ነበር።

ልጃችን ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ተወለደ። አባቴ ያዩት በስልክ ነው። እስከ ዛሬም አላቀፉትም፣ እውነቱንም አያውቁም። በደወልኩ ቁጥር ሕፃኑን ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ኮፈኖው ይጠይቁኛል። ደህና ነው እላቸዋለሁ።