ቤት ያዘለችው መኪና

ልጆቹ «እማማ፣ ለምን እምቢ እንዳሉ ካልነገሩን አንለቅዎትም» ብለው ቢይዙኝ ነው ይህን የማወራው። እምቢ ያልኩት አንድ ስኒ ቡና ነው። የልጅ ልጄ ሄለንና ባሏ ከኋላዋ አልጋና ትንሽ ምድጃ የገጠሙላትን መኪናቸውን ይዘው ባለፈው ሳምንት ወደ ወሊሶ ሲወጡ፣ መንገድ ከተባለ እግሬ እንደማያርፍ ያውቃሉና እኔንም ጫኑኝ፤ ከከተማው እልፍ እንዳልን ዳር ይዘው አቆሙና ባልየው ገና ከመውረዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ከጎማው ሥር ሸጎጠ። «መኪናዋ ካዘመመች ቡናው ይደፋል፣ እማማ» አለኝ እየሳቀ። ሄለን የተቆላውን በእጅ ወፍጮ መፍጨት ስትጀምር ያ ሽታ መጣ፤ ስኒውን ተቀበልኩ፣ ሳልቀምሰውም መለስኩላት።

ያደግሁት ኮልፌ ነው። የዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ግማሹ ገበያ ግማሹ ባሕር ዛፍ ነበር። የእኛ መንደር አሥር የጭቃ ቤት ቢሆን ነው፤ መሬቱ የአንድ ባለርስት ሆኖ እኛ በእሱ በጎ ፈቃድ ተቀምጠንበታል፤ እናቴ ገበያ ወጥታ ጥሬ ቡና በጣሳ ትሸጣለች፣ አባቴ የባለርስቱን ባሕር ዛፍ ይጠብቃል። ከተማው ወደ እኛ እየገፋ ነበር። ከእኛ በታች ወዳለው ሰፈር ቀያሾች አንድ ጠዋት መጥተው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ቸክለውበት ከሄዱ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ ሰዉ ከነጓዙ ተነሥቷል። ስለዚህ የሌላ ሰፈር ልጅ በጅብ ሲያስፈራሩት እኛን በችካል ያስፈራሩን ነበር።

መኪናዋ የመጣችው በጥቅምት ነው፤ ከጅማው መንገድ ታጥፋ ከቤታችን ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ቆመች። እንደ አውቶቡስ ሰፊ አይደለችም፣ እንደ ታክሲም ጠባብ አይደለችም፤ በመስኮቶቿ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ውስጧ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃ አለ። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ፣ ገበያ ላይ ከእናቴ ጎን በርበሬ የምትሸጠው፣ መሀረቧን አጥብቃ ሦስት ጊዜ ከዞረቻት በኋላ «ሁሉንስ አደረጉላት፤ ባኞው ግን የት ነው?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። ሳቁ ግን አልቆየም። ከመኪናዋ የወረዱት ፈረንጆች ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሰውዬው በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ከኪሱ ግንበኛ ግድግዳ የሚያስተካክልበትን ዓይነት ትንሽ ውሃ ልክ አውጥቶ መሬቱ ላይ፣ ከዚያ መኪናዋ ውስጥ፣ እንደገና መሬቱ ላይ እያጋደመ በአንድ ዓይኑ ማየት ነው። ቀጥሎም ሸራ ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ ዘርግቶ፣ በገመድ ወጥሮ፣ ገመዱን አራት ችካል ላይ አሠረ። የችካሎቹ ጫፍ ቀይ ነበር።

ያን ቀን እናቴ እሳት ማንደድ ረሳች።

ሌላም ነገር ነበር። እነዚህ ሰዎች በቀን ሦስት ጊዜ ቡና እያፈሉ አንድ ጊዜ እንኳ ማንንም አይጠሩም። በእኛ ሰፈር ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ካልተጠራ ወይ ሰው ታሟል ወይ ሰው ተጣልቷል ማለት ነው። እነሱ ግን ጥሬውን ከእናቴ ይገዛሉ፣ እንደ ስንዴ ቆሎ ሳያጠቁሩ ይቆሉታል፣ መሳቢያ ባለው የእንጨት ሳጥን ይፈጩታል፣ በጨርቅ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጉታል፣ ከዚያ ሰውዬው ደብተሩን ከፍቶ እየጻፈ ሁለት ሆነው ዝም ብለው ይጠጣሉ።

«ቡና ለብቻ?» አለች እትዬ ከድጃ። «ወላሂ ሌላም የሸሸጉት አለ፤ ምን አለች በሉኝ!»

«ደብተሩ ላይ የሚጽፈው የእኛን ቤት ቁጥር ነው» አለች እናቴ።

እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ቡናውን በቁና ይዤ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ስለላ ነበር የሚልኩኝ፤ ያየሁትን ስመለስ እነግራቸዋለሁ። ሴትዮዋ ግን አንድ ቀን ከመኪናዋ ደረጃ አጠገብ ወንበር ሰጥታኝ ከራሷ ስኒ ቀዳችልኝ፤ ያለ ስኳር፣ ያለ ጨው፣ ቀጭን፣ መልኩ እንደ ሻይ፤ ከአፌ ሳደርሰው ግን የእናቴ ጆንያ ሲከፈት የሚሸተው ነገር ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። የእናቴ ቡና እንዲህ እንደሚጣፍጥ እናቴ ራሷ አታውቅም ብዬ አሰብኩ። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ መርዝ አጠጡሽ ይሉኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ የሰፈሩ ሰው ግቢያችን ተሰበሰበ። ፈረንጆቹ በእጃቸው እያሳዩ መኪናቸው እንደተበላሸችና ከጋራዥ ዕቃ እንደሚጠብቁ ነግረውን ነበር፤ ያመናቸው የለም። ከሁሉ የባሰው አባቴ ነው። ድምፁ ከአጥር የማያልፍ ሰው ያን ቀን ቆሞ ተናገረ፤ «ሸራው ማስመሰያ ነው፤ ዋናው ችካሉ ነው። ይህን ዝም ካልን ነገ ሜዳ ላይ ነን» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «አንቺ ልጄ፣ አንቺን ለምደውሻል፤ ብትነቅዪው አይጠረጥሩሽም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰውዬው ወደ ጋራዥ ሲሄድ ጠብቄ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከሸራው ሥር ምድጃዋን አውጥታ ውሃ ጥዳለች፤ ስታየኝ ፈገግ አለችና ሁለተኛ ስኒ ለማምጣት ወደ ውስጥ ገባች። አንዱን ነቀልኩ፣ ሁለተኛውን ነቀልኩ፣ ሦስተኛው ጠንክሮብኝ ስታገለው እሷ ተመልሳ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ንፋስ መጣና ሸራው ባንድ ጊዜ ወደቀባት። የጣደችው ውሃ ክንዷ ላይ ተገለበጠ። ከሸራው ሥር ስትወጣ ክንዷን በደረቷ ይዛለች፤ መጀመሪያ ያየችው እጄ ላይ ያለውን ችካል ነው። በደህናው እጇ ያመጣችልኝን ስኒ ከመሬት አነሣች። ብትሳደብ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን ሌላ መኪና መጥቶ እየጎተተ ወሰዳቸው። ሰፈሩ እልል አለ፤ ቀያሾቹን አባረርን ተባለ፤ እትዬ ከድጃ ራሴን ስማ አንድ ጣሳ ቆሎ ሰጠችኝ፤ እኔም ቆሎውን እየበላሁ አለቀስኩ።

በጥር እውነተኞቹ ቀያሾች መጡ። ደብተር አልነበራቸውም፣ ቡናም አላፈሉም፤ ከባለርስቱ ሰው ጋር ሆነው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ቸክለው ሄዱ፣ በመጋቢት ቤቶቹ ፈረሱ። እትዬ ከድጃ ወንድሟ ዘንድ ወደ አገሯ ወረደች፤ ዳግመኛ አላየኋትም። ሌሎቹም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆኑ፤ እናቴ በቡና ሰዓት ከልምድ የተነሣ ብዙ ስኒ ታወጣና ተመልሳ ታስገባዋለች፤ ያን ልማዷን እስክትሞት አልተወችም። እኛ ብቻ ነን ሜዳ ላይ ያልወደቅነው፤ አየር ጤና በኩል አንዲት ቁራሽ ቦታ አገኘን፣ እናቴም እስከ ዕለተ ሞቷ እግዜር ነው የሰጠን ትል ነበር።

አባቴ ፊደል አይቆጥርም ነበር፤ እኔም ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ በኋላ ግን በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ለመድኩ። እሱ ካረፈ በኋላ ሳጥኑን ስከፍት የአየር ጤናዋን ቦታ ወረቀት አገኘሁና በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ቦታዋን ለአባቴ የሰጠው ባለርስቱ ነው፤ የሰጠውም ሊሸጠው ባለው የኮልፌ መሬት ላይ አንድም ነዋሪ እንደሌለ አባቴ ስለመሰከረለት ነው ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣቱ አሻራ አለ። ወረቀቱ የተጻፈው በግንቦት ነው፤ መኪናዋ ከመምጣቷ አምስት ወር ቀደም ብሎ።