አንዴ ተለብሶ የሚጣል

ጨርቅ ካየሁ እጄ አያርፍም። ድሩን ከማጉ ለይቼ ካልዳሰስኩ ደስ አይለኝም፤ ፈታይ ነኛ። በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ሳንባውን ታሞ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አክስቴ ቤት ሳስታምመውም ይኸው አመሌ አልተወኝም።

በየቀኑ መርፌ ሊወጋው የሚመጣው የክሊኒኩ ድሬሰር አንድ ቀን አዲስ ነገር ለብሶ መጣ። ከአንገት እስከ ጉልበቱ ነጭ፣ ሲራመድ የሚንኮሻኮሽ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«የወረቀት ልብስ ነው። በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ አንዴ ተለብሶ ይጣላል።»

ጫፉን ይዤ ወደ ብርሃን አየሁት። ድርም የለው፣ ማግም የለው። ውሃ ነካ ባደርገው እንደ ገንፎ ላላ።

«የጥጡ ጋዋንህስ ምን በደለ?»

«እሱማ በደንብ ካልተቀቀለ በሽታውን ይዞ ይዞራል። ማገዶውም ውሃውም አስቸገረን።»

እውነቱን ነው። ግን አንድ ሙሉ ልብስ ለአንድ ቀን? ገረመኝ፤ ስፌቱን ሳገላብጥ አባቴን ረሳሁት። እሱ ለካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። መርፌውን እንቢ አለ። ብንለምነው፣ ብናባብለው፣ ወይ ፍንክች። ድሬሰሩ ተስፋ ቆርጦ ሄደ።

«ምነው አባቴ?» አልኩት።

አባቴ የደብራችን ገናዥ ነበር፤ ስንቱን ሬሳ በእጁ ገንዟል። «እኔን ልታታልሉኝ?» አለ። «አንዴ ተለብሶ የሚቀር ልብስ የማውቀው መግነዝ ብቻ ነው። ሰውየው ነገ ወደ እኔ አይመለስም፤ ሞቴ ተቆርጧል ማለት ነው። ይልቅ የንስሐ አባቴን ጥሪልኝ።»

ክው አልኩ። መርፌው ከተቋረጠ እንደማይተርፍ ተነግሮኛል። ክሊኒኩ ድረስ ሮጬ ለድሬሰሩ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

በማግስቱ የጥጡን ጋዋን ለብሶ መጣ። ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ እንዶድ እንዶድ ይላል። አባቴ እጅጌውን ይዞ በጣቱ ሲዳብሰው ቆየ።

«ነገስ?» አለው።

«ነገም ይችኑ ነው፣ አባቴ። ዛሬ ትቀቀላለች፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ትሰጣለች፣ ከሰዓት ለብሻት እመጣለሁ።»

«እኔ ዘንድ?»

«እርስዎ ዘንድ።»

አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንግዲያስ ውጋኝ» አለ።

ያን ዕለት ጋዋኗን ከድሬሰሩ ተቀብዬ እኔው ራሴ ቀቀልኳት። የአክስቴን ማገዶ ጨረስኩት። ሌላ ሰው ቢያጥባት ለነገ የማትደርስ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።