ወንድሜን ሊያመጣ የነበረው ጄት

ወንድሜ የሞተው ከዓለም ጫፍ ነው። ለማጋነን ብዬ አይደለም። ካርታውን ስልኬ ላይ ከፍቼ ወደ ላይ ብገፋው፣ ብገፋው፣ አገሩ ሁሉ አለቀና አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረች። ኖርዌይ ውስጥ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በክረምታቸው ፀሐይ የማትወጣበት ጊዜ አለ። ወንድሜ እዚያ ዓሣ የሚሰነጠቅበት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጀልባ ከሚታሰርበት የእንጨት ድልድይ ላይ በረዶ አንሸራተተውና ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሲያወጡት ትንፋሽ አልነበረውም።

ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ መጻፍ ገና አልችልም። የምጽፈው ስለ ጄቱ ነው።

ስልክ የደወለችልኝ የፋብሪካው የሥራ ኃላፊ የሆነች ሴትዮ ናት። የእኔ እንግሊዝኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው። ፈተና ላይ ክፍት ቦታ ለመሙላት ይበቃል እንጂ የወንድምን አስከሬን ለመጠየቅ አይበቃም። ሴትዮዋ ግን ቀስ ብላ፣ እየደጋገመች አስረዳችኝ። ወደ መንደራቸው ማክሰኞ ማክሰኞ መርከብ ይመጣል። ሳጥኑ በመርከቡ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል። ከዚያ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ወጪውን ፋብሪካውና አብረውት የሚሠሩት ችለዋል። ከእኛ የሚፈለገው ቤተሰብ የፈረመበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው። «ሦስት ሳምንት እንጠብቃችኋለን» አለች። «ካልሆነ እዚሁ እንቀብረዋለን።»

ይህን ይዤ ወደ ልቅሶው ዳስ ገባሁ። ቤታችን ከሉማሜ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ነገር የሚወስነው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ፎቅ አለው፣ እህል ይነግዳል። አንቱ እያልሁ ነው ያደግሁት፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም። አጎቴ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ አዋጅ የሚነግር ነው የሚመስለው።

የሰማሁትን ተናገርሁ። አጎቴ ከመቀመጫው ተነሣ።

«በጭነት? የእኔ የእህቴ ልጅ ከዓሣ ካርቶን ጋር ተጭኖ ሊመጣ? ብቻውን? ማንም የለውም ተብሎ?» ዳሱን በዓይኑ ዞረው። «ጄት እከራያለሁ! ከነአጃቢው ሄደን እናመጣዋለን!»

«ጄት ምንድን ነው?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«የግል አውሮፕላን ነዋ። ሚኒስትር የሚሄድበት።»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ወይ ጉድ!» አለ። እናቴ ቀና ብላ አየችው። አመነችው።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሰው ነፍሱ ከወጣች ጀምሮ አፈር እስኪለብስ ድረስ ብቻውን አይተውም። አጠገቡ ሰው ይቀመጣል፣ መንገድም ከሆነ ሰው ይከተለዋል። ሬሳ አጅብ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው ገበያ ላይ ሰላም የሚለው አያገኝም። ይህን እኔም አከብራለሁ። አጎቴ ግን ይህን ባህል ይዞ ምን እንደሠራበት ልንገራችሁ።

በማግስቱ አዲስ አበባ ያለ አንድ ደላላ ደወለለት። ጄቱ ተገኝቷል፣ ስምንት ወንበር አለው። አጎቴ የእድሩን መዝገብ አስመጣና ከጀርባው ገጽ ላይ ስም መጻፍ ጀመረ። አንደኛ ራሱን ጻፈ። ሁለተኛ ሚስቱን። «ሴት ከሌለችበት ማን ደረት ይመታል?» አለ። ሦስተኛ የቤታችንን የንስሐ አባት። አራተኛ የእድሩን ዳኛ። አምስተኛ ከደብረ ወርቅ መንገድ የሚያስመጣትን አልቃሽ ጻፈ። በአርክቲክ በረዶ ላይ ሙሾ ልታወርድ ማለት ነው። ስድስተኛውን ሊጽፍ ሲል የአባቴ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቆይ እስቲ» አለ። «የአባት ወገን የት ገባ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማለቴማ፣ ልጁ ከእናቱ ብቻ ነው እንዴ የተወለደው? አምስቱም ያንተ ሰው ናቸው።»

«የንስሐ አባቱ የእኔ ሰው ናቸው?»

«ያንተን ጠላ ነው የሚጠጡት!»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። በመጨረሻ አራት ለእናት ወገን፣ አራት ለአባት ወገን ሆነና አልቃሿ ከዝርዝሩ ወጣች። ያለቀሰችለትን ሰው ብዛት እየቆጠረ ይከራከርላት የነበረ አንድ ሽማግሌ ተቀይሞ ዳሱን ለቆ ሄደ። በአስተርጓሚነት ይሄዳል ተብሎ ለእኔ የታሰበው ቦታ ደግሞ እንግሊዝ ኤምባሲ በር ላይ ዘበኛ ለነበረው ለአባቴ አክስት ልጅ ተሰጠ። ለእናቴ ደግሞ «አንቺ ደካማ ነሽ፣ ከፍታው ይከብድሻል» ተባለ። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ ከፍታ ላይ ነው የኖረችው። ከጮቄ ተራራ ሥር ነው የተወለደችው።

ቀጥሎ ደግሞ የምግብ ነገር ተነሣ።

«ስንሄድ ጾም ይገባል» አሉ ቄሱ። «እዚያ አገር ምን ይበላል?»

«ዓሣ ብቻ ነው አሉ፣ አባ።»

«ዓሣ በጾም አይበላም።»

«ኧረ ይበላል!» አለ የአባቴ ወንድም። «ባሕር ዳር ዲያቆን ሲበላ ዓይኔ አይቷል።»

«እሱ ዲያቆን ይፍታህ ሳይባል ነው የሚሞተው።»

በዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ተከራከሩ። በሌላው ቀን ስንት ጋቢ እንደሚደረብ፣ ጄቱ ሲመለስ ደብረ ማርቆስ የት ሜዳ ላይ እንደሚያርፍ፣ ከብቶቹን ማን ከሜዳው እንደሚያባርር ተነጋገሩ። ከስምንቱ ሰዎች አምስቱ አዲስ ኮት አሰፉ። የወንድሜን ስም ሲጠራ የሰማሁት የለም። «ጉዞው» ነበር የሚሉት። «ጉዞው መቼ ነው? ለጉዞው ተዘጋጅታችኋል?»

አንድ ቀን ከዳሱ ጥግ ሆኜ ጠየቅሁ። ሰው በተሰበሰበበት ብዙ አልናገርም።

«ስምንቱ ወንበር ሞላ አይደል? ታዲያ... ወንድሜስ በየት ነው የሚመጣው?»

አጎቴ «ይሄም ጥያቄ ነው?» ብሎ ሳቀና ለደላላው ደወለ። ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገ።

«ጌታዬ፣ የሬሳ ሳጥን አሉኝ?» አለ ደላላው። «ይሄ እኮ ጄት ነው። በሩ ሻንጣ ነው የሚያስገባው። ሬሳው በሌላ ይላካል እንጂ በዚህ አይሆንም።»

የእድሩ ዳኛ ጥቂት አሰብ አደረጉና «ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ ነው የምንሄደው?» አሉ።

አጎቴ ለአፍታ እንኳ አልተደናገረም። «አልቅሰንለት እንመለሳለና! ያ ፈረንጅ ሁሉ ልጁ ዘመድ እንዳለው ይይ!»

እና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ድንበር የሚለኩ። አንድ እንኳ «እኔ ይቅርብኝ፣ ስሜን ሰርዙት» ያለ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሬሳ የሚያስገባ ትልቅ ጄት እየተፈለገ ነው ተባለ። እየተፈለገ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሴትዮዋ እንደገና ደወለች። የሚመጣው ማክሰኞ የመጨረሻው ነው አለችኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለነበር «የመጨረሻ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገምኋት።

እናቴ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ያች ሴትዮ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ምን አለች?»

ነገርኋት።

«መርከቡ ላይ ሰው አለ?»

«ሰው የሌለበት መርከብ አለ እንዴ፣ እማ?»

«እንግዲያ አምጣልኝ። በምንም ይምጣ። አባቱ አጠገብ ይተኛልኝ እንጂ በወርቅ መጣ በእንጨት መጣ ምን ቸገረኝ።»

«አጎቴስ?»

«አጎትህ ከጉዞው ሲመለስ ለቀብሩ ይደርሳል» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

ለማንም ሳንናገር ወደ ሉማሜ ወረድንና ሚኒባስ ይዘን ማርቆስ ገባን። ሴትዮዋ በስልክ የላከችውን ወረቀት ያተመልን ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ «ቪዛ ነው?» አለኝ። እዚያ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ለመሄድ ነው የሚመጣው። «መምጫ ነው» አልሁት፤ አልገባውም። እናቴ መጻፍ ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነከረችና በጣቴ ባሳየኋት ቦታ ላይ ተጫነች። በጣም ረጅም ጊዜ ተጫነች። ልጁ «እማማ፣ ይበቃል፣ ወጥቷል» ሲላት ነው ያነሣችው። ወረቀቱ እዚያው ፎቶ ተነሥቶ በስልክ ተላከ። በቃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተከራከሩበት፣ አምስት ሰው ኮት ያሰፋበት ጉዳይ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

አጎቴ በማግስቱ ሰማና ደወለልኝ።

«አንተ ኩታራ! አንተ ማን ነህና ነው? ስምንት ሰው ልብሱን አዘጋጅቶ! አሁን ምን ልበላቸው?»

«ኮቱን ለቀብር ይልበሱት» አልሁት። በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንዲህ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞ አልጸጸትም። ጥቂት እጸጸታለሁ።

አስከሬኑን ለመቀበል ከአባቴ ወንድም ጋር አዲስ አበባ ሄድን። እሱ ከዝርዝሩ ላይ ከነበሩት አንዱ ነው፣ አዲሱን ኮት ለብሶ ነው የመጣው። ግን መጣ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ጭነት ክፍል ያለው ሰው ወረቀት አስፈረመን። ወረቀቱ ላይ የወንድሜ ክብደት በኪሎ ተጽፎ ነበር። አጎቴ ያኔ ቢኖር ኖሮ «አላልኋችሁም?» ይል ነበር። እኔም እውነቱን ነው እል ነበር። ዓባይ በረሃን ስንወርድና ስንወጣ ከተከራየነው ፒካፕ ኋላ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። መንገዱ ሲጥመዘመዝ ሳጥኑ እንዳይንሸራተት በሁለት እጄ ያዝሁት።

ሉማሜ ስንደርስ አጎቴ መኪናውን መንገዱ መሐል አቁሞ ይጠብቀን ነበር። መኪናው ፊት ላይ የወንድሜን ፎቶ በትልቅ ባነር አሳትሞ ለጥፏል። ከፎቶው ሥር የእህል መደብሩ ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ከፊታችን እየቀደመ፣ ጡሩምባ እየነፋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መራን። ያየ ሁሉ እሱ ከኖርዌይ ያመጣው ነው የሚመስለው።

ከቀብሩ መልስ ዳስ ውስጥ ንግግር አደረገ። ጄቱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ልጆች እንደቸኮሉ፣ ልጁ በክብር ሊመጣ ሲችል እንደ ዕቃ ብቻውን እንደመጣ ተናገረ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«እውነት ብቻውን ነው የመጣ?»

ከሰነዶቹ ጋር ሴትዮዋ የጻፈችው ደብዳቤ ነበር። በመዝገበ ቃላት አንብቤዋለሁ። ሳጥኑ ወደ መርከቡ ሲወርድ የፋብሪካው ሠራተኞች ሁሉ በረዶው ላይ ቆመው ሸኝተውታል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ አብሮት መርከቡ ላይ ወጥቶ፣ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ እስከ ትልቁ ከተማ ሄዷል። በባሕር ሰውን ብቻውን አንልክም ብሎ ነው ይላል ደብዳቤው። ይህን ጮክ ብዬ ለእናቴ ነገርኋት። አጎቴም እንዲሰማ ነው ጮክ ያልሁት። ሰምቷል። ደስ አለኝ።

እናቴ ግን አጎቴን አላየችውም።

«ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።

«የማን?»

«የሽማግሌው።»

«ደብዳቤው አይልም።»

«አንተስ ሴትዮዋን አልጠየቅሃትም?»

«አልጠየቅሁም፣ እማ።»

«አየህ» አለች፣ «አንተም እንደ አጎትህ ነህ።»

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣሁ። ሴትዮዋ አነሣች። ስሙን ሁለት ጊዜ ነገረችኝ፣ ሦስተኛውን ፊደል በፊደል። ወርጄ ለእናቴ ስነግራት አልያዘላትም፤ ምላስ የሚያስር ስም ነው። አስደገመችኝ። ልቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው በዳሱ ተቀምጦ ሳለ ጥግ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለማመደው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሙሉውን ሳትሳሳት አለችው።