በር ላይ የተቀመጡት ኃላፊ

ልጅነቴን ሁሉ "ማን መጣ? ምን ተባለ?" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቦሌ ያለው ኮሌጃችን ለስፖርተኞች ትምህርት ክትትል ሴት ኃላፊ ሾመ ሲባል፣ ላምበረት ካለው ቤታችን ከወትሮው ቀድሜ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ቦታውን የያዙት ሁሉ ወንዶች፣ ያውም የቀድሞ ተጫዋቾች ነበሩ። አዲሷ ግን ኳስ ነክተው የማያውቁ፣ ሻሽ ያሰሩ፣ የወሎ ሙስሊም የሒሳብ መምህርት ናቸው። ግቢው "የማን ዘመድ ናት?" ሲል ሰነበተ። እኔም አጣራሁ፤ የማንም አልነበሩም።

የእኔ ጉዳይ ደግሞ እሳቸው ጋ ነበር። ሒሳብ ወድቄ፣ ድጋሚ ፈተናው የመረብ ኳስ ቡድናችን አዋሳ ከሚጫወትበት ቀን ጋር ገጠመብኝ። ካልተፈተንኩ ከኮሌጁ እሰናበታለሁ፤ ካልተጫወትኩ ደግሞ አሰልጣኜ ከቡድኑ ያስወጣኛል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚወሰነው ከልምምድ በኋላ፣ በወንዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። አሰልጣኞቹ ጫማቸውን እያሰሩ ይመክራሉ፤ በሩ ይዘጋል። ማንም የደነገገው አይደለም፣ እንዲያው ልማድ ሆኖ ቀረ። እኛ ሴቶቹ ውሳኔውን የምንሰማው በማግስቱ ነው። ታዲያ ሴትዮዋ በየት ሊገቡ ነው? ይህን ለማየት ከክፍሉ በር አጠገብ ባለው ቧንቧ እግሬን እያጠብኩ ቆየሁ። እግሬ ነጣ።

መጡና አንኳኩ። ከውስጥ አንዱ "የወንዶች ክፍል ነው፤ የወሰንነውን እንነግርዎታለን" አላቸው። እኔ ብሆን አኩርፌ እሄድ ነበር። እሳቸው የዘበኛውን በርጩማ ተውሰው በሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

መውጫው አንድ ነው። መጀመሪያ የወጣው አሰልጣኜ ነበር። ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነውና ቆመ። ኃላፊዋ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የእናቱን ጤና ሲጠይቁ ሌሎቹም ወጥተው ተደረደሩ። ከእናቱ ጤና ቀጥታ ወደ እኔ ፈተና ተሻገሩ። ስብሰባው በር ላይ ሆነ።

አሰልጣኜ "እሷ ለትምህርቱ ግድ የላትም" ሲል ሰማሁት። ስለ እኔ ሲመከር በጆሮዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በጣም ተናደድኩ። ኃላፊዋ ወደ ቧንቧው ዞሩ።

"ነይ እስቲ። አንቺስ ምን ትያለሽ?"

እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሰውን በጥያቄ የማሰለች እኔ፣ ቧንቧውን ዘግቼ በባዶ እግሬ ቀረብኩ።

"ሁለቱንም እፈልጋለሁ" አልኩ።

ፈተናው ወደሚቀጥለው ሰኞ ተዛወረልኝ። በማግስቱ ከልምምድ በኋላ እግሬን ልታጠብ ብሄድ፣ የቡድናችን ሴቶች በሙሉ ቀድመውኝ ቧንቧውን ከበውታል።