የስክሪኑ ግራ ጠርዝ

ስክሪኑን ከጎንደር ወደ ደባርቅ ያመጣሁት በሚኒባስ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። ረዳቱ ጣሪያ ላይ እንጫነው ብሎ ቢለምነኝም ቢቆጣኝም እሺ አላልኩትም። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ኮሶዬ ዳገት ላይ መኪናው ወደ ገደሉ በተጠጋ ቁጥር ከራሴ ይልቅ ለሱ እየፈራሁ መጣሁ። ዳባት ላይ የተሳፈሩ አንዲት እናት ጠርዙ ጉልበታቸውን ቢወጋቸው፣ "የምን ሳንቃ ነው ልጄ?" አሉኝ። ስክሪን ነው አልኳቸው። "ታዲያ ምነው እንዲህ ረዘመ?" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ስለሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ ለሥራ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። የገዛሁት ለጌም ነው። የሁለት ስክሪን ወርድ አለው፣ ጫፎቹ ወደ ሰው ይታጠፋሉ፣ ኦሌድ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ደግሞ ጥቁሩ የምር ጥቁር ነው። የመኪና ውድድር ስከፍትበት መንገዱ ከግራም ከቀኝም ያቅፈኝና ደባርቅ ውስጥ መሆኔን እረሳለሁ። አባቴ በር ላይ ቆመው አንዳንዴ ያዩኝ ነበር። "ይኸ ሰውዬ ወዴት ነው እንዲህ የሚቻኮለው? ዞሮ ዞሮ የሚገባው ከተነሳበት ነው" ይላሉ።

መንደራችን ከደባርቅ በላይ፣ ተራራው ላይ ባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነበር። ነዋሪው በሙሉ ወደ ደባርቅ እንዲወርድ ሲደረግ አባቴም ከሰው ጋር ወረዱና ከኔ ጋር መኖር ጀመሩ። እኔ ግን ለትምህርት ብዬ አክስቴ ቤት የመጣሁት በሰባት ዓመቴ ስለሆነ፣ ከመንደሩ የማስታውሰው ብርዱንና የአጥራችንን ድንጋይ ብቻ ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ወስጄ ቦታውን እንዳሳያቸው። ጉልበታቸው ስለደከመ መኪና ከሚደርስበት በኋላ በበቅሎ እሄዳለሁ ይሉኛል። እኔ መስከረም ይጥባ አልኩ። ከዚያ የጥር ሠርግ ይለፍ አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ጾሙ ይፈታ። "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው ልጄ" ብለው ይስቁና ሌላ ወሬ ያነሳሉ።

አንድ ጊዜ ሙሽሮች ተራራው ላይ ፎቶ መነሳት ፈልገው ፓርኩ ውስጥ ይዣቸው ገባሁ። ሥራዬን ስጨርስ መኪናው ከቆመበት አፋፍ ላይ ሆኜ፣ የተራራውን ጀርባ ከዳር እስከ ዳር በሰፊው አነሳሁት። ከላይ ብሩህ ሰማይ፣ ከታች የጠቆረ ገደል ነው። ቤት ገብቼ ስክሪኑ ላይ ስዘረጋው ልክ ለሱ የተሠራ ይመስል ሞላው። ቃሌን የጠበቅሁ መስሎኝ አባቴን ጠራኋቸው።

ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። "አዎን፣ ሰማዩ እንዲህ ነው" አሉና በርጩማቸውን ስበው ከስክሪኑ ግራ ጫፍ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቀጥታ የሚመጡት እዚያ ነው። ጌሙ ቀረብኝ። በልቤ ብነጫነጭም ደስ ብሎኝ ነበር።

ችግሩ፣ ኦሌድ የማይንቀሳቀስ ምስል አይወድም። አንድ ነገር ብዙ ከቆየበት እንደ ማህተም ይቀርበታል። ስለዚህ ምስሉ ካልተነቃነቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ያደበዝዛል፤ ማውሱን ነካ ሲያደርጉት ይመለሳል። ይህን ለአባቴ አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስክሪኑ ደብዝዞ፣ እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እዚያው ግራ ጫፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ጉም ገብቶበት ነው። ይገልጣል ብዬ" አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። በዚያው ቀን ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ መከላከያውን አጠፋሁት፤ ብርሃኑንም ጨመርኩላቸው። ምን እንደሚመጣ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

እንደፈራሁትም ሆነ። ወራት ካለፉ በኋላ ፎቶውን ብዘጋውም የተራራው ጀርባ ከስክሪኑ አልወጣ አለ፤ በቀጭኑ ተሰምሮ ቀረ። ጌም ስከፍት መኪናዬ ከዚያ መስመር ሥር ትሮጣለች። አንዲት ሙሽራ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቪዲዮዋን ስታይ፣ "ቬሌ ላይ ያለው ክር ምንድነው?" አለችኝ። ስክሪኑ ነው እንጂ ቪዲዮው ንጹሕ ነው ብዬ እስካሳምናት ላብ አጠመቀኝ።

በዚያ ሰሞን ንዴቴ ባባቴ ላይ ወጣ። "ምነው ሁልጊዜ ጠርዝ ላይ? መሀል ቢቀመጡ እኮ ሁሉም ይታይዎታል። የታጠፈው ለዚያ ነው" አልኳቸው።

አባቴ ጣታቸውን ተራራው ላይ አሳረፉ። በጀርባው ላይ ቀስ እያሉ ወደ ግራ ሄዱ፣ ሄዱ፤ ከስክሪኑ ወጡ። የጭቃ ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ተጉዘው ቆሙ።

"ቤታችን እዚህ ነው። አንድ አፋፍ ነበር የቀረህ።"

ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀረው፤ በየቀኑ ቤታቸው የሌለበትን ፎቶ ሲያዩ። ግራ ጫፉ ላይ የሚቀመጡት ከጠርዙ ወዲያ ያለውን ለማየት ነበር።

"ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?"

"ደክመህ ያመጣኸውን፣ ምን ብዬ?"

አፈርኩ። ዝናቡ ሲያበቃ እንሄዳለን አልኳቸው፤ ያን ጊዜ ከልቤ ነበር። ባለ በቅሎውንም አናገርኩት። አባቴ በፍልሰታ ጾም አረፉ።

በጥቅምት ብቻዬን ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ። መኪናው ከቆመበት አንድ አፋፍ ተሻገርኩ፤ ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ያ ሁሉ ዓመት የከለከልኳቸው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የጓሳው ሣር አድጓል፣ የቤቶቹ መሠረት ድንጋይ እዚህም እዚያም ይታያል። መንደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነሳሁት።

ቤት ስገባ ስክሪኑ ላይ ዘረጋሁት። የድሮው የተራራ መስመር በአዲሱ ፎቶ መሀል አልፎ ይሄዳል። በአባቴ በርጩማ ላይ፣ በግራው ጠርዝ ተቀመጥኩ። አሁን ምንም አልተቆረጠም፤ የሁሉም ሰው ቤት ቦታ አለ። የመንደሩ ሰዎች እዚሁ ደባርቅ ናቸው፤ ብጠራቸው ያሳዩኛል። እስካሁን አልጠራሁም። የአባቴ ቤት የቱ ነበር ብዬ ሰው ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

እንደሳቸው ጣቴን አነሳሁ። የት ላይ እንደማሳርፈው አላወቅሁም።