የእህቴን ዳገት የሚወጣ ጫማ

እህቴ ከሐርቡ በላይ፣ መኪና በማይደርስበት ዳገት ላይ ትኖራለች። ታላቄ ናት። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኔ ቤት የምትመጣው እሷ ነበረች። ከእንግዲህ መውረድ እንደማትችል ስሰማ "ተራው የኔ ነው" አልኩ። ልጇ በቅሎ ይዞ ሐርቡ ላይ እንደሚቀበለኝ ላከብኝ። እምቢ አልኩ። እሷ ይህን ሁሉ ዘመን በእግሯ መጥታ እኔ በበቅሎ ከሄድኩ ምኑን ተራ ሆነ?

ችግሩ እግሬ ነው። ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ጠባብ ነው፤ ከአውራ ጣቴ ሥር ደግሞ ሎሚ የሚያህል ጉብታ ወጥቶበታል። ከተማ ውስጥ በላስቲክ ጫማዬ እንደምንም እኖራለሁ። ለዚያ ድንጋያማ ዳገት ግን ሶሉ መሬት የሚቆነጥጥ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ከስክስ ጫማ ያስፈልጋል።

ሆጤ ወዳለ ጫማ ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ወንበር ሰጠኝና "ለእርስዎ የሚሆን ለስላሳ አለኝ" ብሎ ከቤት የማይወጣ የጨርቅ ጫማ አመጣ።

"ተራራ ነው የምወጣው" አልኩት።

ሳቁን ዋጥ አድርጎ የሴት ከስክስ አወረደ። ጠበበኝ። አንድ ቁጥር ጨመረ። አሁንም ጠበበኝ። ሌላ ጨመረ። ጎኑ ገባልኝ፤ ተረከዜ ግን ሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ይወጣል ይወርዳል።

"ወላሂ እማማ፣ ጫማው ምንም የለበትም። እግርዎ ነው ያስቸገረው።"

"እግሬ ቀድሞ የተፈጠረ ነው። የሚታረመው ጫማው ነው እንጂ!" ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼም ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ካርቶን ላይ ቆሜ በእግሬ ዙሪያ በከሰል አሰመርኩ። የወጣው ሥዕል ከእግር ይልቅ ስኳር ድንች ይመስላል። የላስቲክ ጫማዬን ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ርዝመቱ ልክ ነው፤ በጎን ግን ሥዕሉ ተርፎ ወጣ። ለካ ባለሱቁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ይበልጥ የሚጨምርልኝ ርዝመት ነበር! እኔ የጎደለኝ ስፋት ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሰው እግር እያየሁ መሄድ ሥራዬ ሆነ።

ኮምቦልቻ የዘመድ ሰደቃ ነበር። እንደ ደንቡ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ዱዓው አልቆ ስወጣ ከጫማው ክምር መሀል አንድ አሮጌ ከስክስ ዓይኔን ያዘው። ጎኑ ልክ የኔ ጉብታ ባለበት ቦታ አብጧል። ያለባለቤቱ ፈቃድ እግሬን አላስገባበትም፤ ትቼውም አልሄድም። በሩ አጠገብ ቆሜ የሚወጣውን ሁሉ "ይህ የማን ነው?" እያልኩ ጠየቅኩ።

"እማማ፣ ጫማ ጥበቃ ተቀጠሩ እንዴ?" እያሉ ያልፉኛል።

በመጨረሻ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ወጣች። "የኔ ነው። ምን አደረገዎት?"

"እግርሽን አሳዪኝ።"

ግራ ተጋብታ ካልሲዋን አወለቀች። የኔው ጉብታ! የኔን ሳሳያት አፏን ይዛ ሳቀች።

"የወንድ ጫማ ነው" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የሴቱ ጎኑ ጠባብ ነው። የወንዱን በርዝመቴ ልክ እመርጥና ጉብታው ጋ ባለው ቀዳዳ ክር አላሳልፍም። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ግን ጠበቅ አደርገዋለሁ፤ ተረከዜ አይንሸራተትም።"

"ስፋትን ለወንድ ብቻ ማን ፈረደለት?"

"እኔ አልፈረድኩም፣ እናቴ! አብሽሩ፣ ይልቅ ይሞክሩት።"

ሞከርኩት። ረዘም አለብኝ እንጂ ጎኑ አልነካኝም። "ያ ረቢ!" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ እግሬ አበጥ ሲል፣ እሷው ሰልባጅ ተራ ይዛኝ ሄደች። "ይህ እኮ የወንድ ነው" አለ ሻጩ። "እግሬ አልጠየቀም" አልኩት። ወፍራም ካልሲ አድርጌ፣ እሷ እንዳሳየችኝ አስሬ፣ ከገበያው ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ወረድኩበት። ሻጩ ይዤ የምጠፋ መስሎት ከኋላዬ ይከተለኛል። እኔ ጣቴ ጫፉን ይነካ እንደሆነ ነው የማዳምጠው። አልነካም።

ሐርቡ ከመኪና ስወርድ የእህቴ ልጅ ከነበቅሎው ቆሟል። ዳገቱን እኔ ከፊት፣ በቅሎዋ ባዶዋን ከኋላ ሆነን ወጣነው። ትንፋሼ ቆም ቆም አደረገኝ እንጂ እግሬስ አንድ ጊዜም አላስቆመኝም።

እህቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰላምታዬን ሳትመልስ ዓይኗ እግሬ ላይ ወደቀ። "ይህን የማንን አባወራ ጫማ ነው የሰረቅሽው?"

"የራሴ ነው።"

"በእግርሽ መጣሽ? አውልቂና ልየው!"

ከነካልሲው አወለቅኩ። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችው። ውሃ የቋጠረ ቦታ የለም። ከዚያ አንዱን ከስክስ አንስታ እጇን ከተተችና ውስጡን ዳበሰችው፤ ጎኑን በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። ወዲያው እግሯን አስገባች። ሁለታችንም የእናታችን እግር ነው ያለን፤ ልክ ሆነላት።

"ሁለተኛውንም አምጪው" አለች። ክሩን አሰርኩላት። የልጇን ክንድ ይዛ ቆመች፤ አንድ ሁለት ጊዜ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገችው።

"እዚያ ታች ያለችውን ጎረቤቴን ካየኋት ሰነበትኩ" አለች። "አንቺ ደክሞሻል፣ እዚህ ቆዪ።"

ልጇን ተደግፋ ቀስ እያለች ከግቢው ወጣች። እኔ በባዶ እግሬ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።