ስዊቹና የአባቴ ዱዓ

ሌላው ስደተኛ በሌሊት ተደብቆ ነው የሚወጣው፤ እኔ ግን ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ መናኸሪያው ሙሉ እያየኝ ነው። ከዚያ በፊት ግን አባቴ ዘንድ፣ ሽንኩርት ማሳቸው ድረስ ሄድኩ። የውሃ ተራ ደርሷቸው አካፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አባዬ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

በእኛ ይፋት መንገደኛ ያለ ዱዓ አይሸኝም። ታላቅ እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፤ ተመራቂው በየመሃሉ «አሚን» ይላል። አሚን ያላለ ሰው ምርቃቱን አልተቀበለም ማለት ነው።

አባቴ እጃቸውን ከአካፋው አላነሱም። «ስትመለስ አደርግልሃለሁ» አሉና ውሃውን ወደ ሌላኛው ትልም መለሱት። መሄዴን እንዳልወደዱት አውቃለሁ። አውቶቡሱ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ ቆሎ ሲገዛ እኔ ወደ ቆላው ዞሬ አየሁ፤ ጭጋግ ሸፍኖታል። ያኔ ልውረድ ብዬ ነበር፤ አልወረድኩም።

የአክስቴ ልጅ በላከልኝ ቪዛ ዓረብ ኤምሬትስ፣ ሻርጃ ስገባ «ለሸዋ ሮቢት ልጅ ሙቀት ምን ብርቁ ነው?» እያልኩ ነበር። ወይ ጉድ! የእኛ ሙቀት እኮ ማንጎ ሥር ሲቀመጡ ይለቃል፤ ይሄኛው ጥላ ውስጥም ይከተላል። አከራያችን አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት አልጋ ደርድሯል።

«መስኮቱ የታለ?» ስለው፣

«መስኮት የፈለገ ሆቴል ይከራይ» አለኝ።

«አየርስ?»

«አየር በበሩ ይገባል። አንተ አልገባህበትም እንዴ?»

አዲስ አበባ የተማርኩት ኔትወርክ ስለነበር ሩዝና ሻይ የሚያስመጣ ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። ሙከራውን ካላለፍኩ የመኖሪያ ፈቃድ የለም። ያለ ዱዓ ወጥቼ ባዶ እጄን መመለስ!

ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ሰርቨር፣ የቢሮው ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ተከልኩ። ኮሌጅ እንዳስተማሩኝ የኔትወርክ ካርዱን ቅንብር በእጄ ቆለፍኩት፤ ፍጥነቱ መቶ ሜጋ ቢት፣ ፉል ዱፕሌክስ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ እየተናገረ እንዲሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው ተጎተተ። ጸሐፊዋ ፋይል ከፍታ፣ ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ገና እየተከፈተ ነው። ኬብል ቀየርኩ፣ ካርድ ቀየርኩ፣ ቫይረስ ፈለግኩ። ትንሽ መልእክት ልኬ ስፈትነው ደህና ይመልሳል፤ ትልቅ ፋይል ሲሆን ግን ይንፏቀቃል።

ሙዲሩ፣ ማለት አለቃችን፣ ግብፃዊ ነው። ጠራኝና «ሀገርህ ግመል አለ?» አለኝ።

«ቆላው ላይ አለ።»

«እንግዲያው ፋይሎቼን በግመል ላክልኝ፤ ይፈጥናል። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ አንተም አብረህ ትጫናለህ።»

ያልነካሁት ስዊቹን ብቻ ነበር፤ ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሳጥን። እሱን ያስተካከሉት ሚስተር ቶማስ የሚባሉ የቢሮው ነባር ባለሙያ፣ ሽበታም ሕንዳዊ ናቸው። ታላቅ ሰው ያበጀውን «እስቲ ልየው» ማለት ለእኔ «አላወቁበትም» እንደማለት ነበር፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ስለዚህ በይሉኝታ ሦስት ሳምንት ዙሪያውን ዞርኩት። ረቡዕ ሲጨንቀኝ ሄጄ አስፈቀድኳቸው።

«ስዊች ነው እንጂ ሴት ልጄ አይደለም፤ ምን ታስፈቅደኛለህ?» አሉኝ።

የስዊቹን ቅንብር በኮምፒውተር ከፍቼ ሳይ፣ ሰርቨሩ የተሰካበት ቀዳዳ ላይ የስህተቱ ቁጥር ዓይኔ እያየ ይጨምራል። ስዊቹ «አውቶ» ላይ ነው፤ ከወዲያኛው ጋር ተነጋግሮ ሊስማማ ይፈልጋል። እኔ የቆለፍኩት ሰርቨር ግን አይመልስለትም። መልስ ያጣው ስዊች ተራ ጠባቂ ሆኗል፤ ወይ ይናገራል ወይ ይሰማል፣ ሁለቱን ባንዴ አያደርግም። ሰርቨሩ ሳይጠብቅ ይናገርበታል፣ እሱ ደንግጦ ያቋርጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ሰርቨሩንም «አውቶ» አደረግኩት፤ ፋይሉ ወዲያው ተከፈተ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው ለሚስተር ቶማስ።

«መቆለፍህስ ይሁን፤ ጥፋትህ አለመጠየቅህ ነው» አሉኝ።

ሙዲሩ የመኖሪያ ፈቃዴን ፈረመልኝ፤ በዚያ ላይ በኢንተርኔት በሚሠራው የቢሮ ስልክ ቤቴ እንድደውል ፈቀደልኝ። አባቴ ስልክ የላቸውም፤ በገበያ ቀን ግን፣ በዚያ ቀን ብቻ ከሚከፈተው ከጎረቤታችን ከጋሼ ወርቁ ሱቅ አይጠፉም፤ ስልኩም ያለው እዚያ ነው። በገበያው ቀን ደወልኩ።

«ሰዒዴ! አባትህ እዚሁ ናቸው» ብለው ጋሼ ወርቁ ስልኩን ሰጧቸው።

ድምፃችን እየዘገየ ይደርሳል። ሁለታችንም እንናገራለን፣ ሁለታችንም እናቆማለን። በመጨረሻ አባቴ «ሰዒዴ፣ ያን ቀን እጄን አለማንሳቴ እንቅልፍ ነሳኝ። አሁን አንስቻለሁ፤ ጋሼ ወርቁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘውልኛል» አሉኝ።

ጀመሩ። «አላህ ከክፉ ይጠብቅህ።»

«አሚን!» አልኩ። አሚኔ ግን ዘግይቶ ሁለተኛው ምርቃት መሃል ገባባቸው። «ምን አልከኝ?» ብለው አቆሙ።

እኔ ባለሙያው ነገሩ ገባኝ። እንዳላቋርጣቸው ዝም ልበል፣ ሲጨርሱ አንድ ላይ እላለሁ አልኩ። ለሀገርህ ያብቃህ አሉ። ዓይን ለዓይን ያገናኘን አሉ። እንባዬ እየወረደ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ድምፁ ስለሚዘገይ መጨረሳቸውን ሳልለይ ቀረሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሰዒዴ፣ አሚን አትልም? አኮረፍከኝ እንዴ?» አሉ።

«አሚን! አባዬ፣ አሚን!»

መስመሩ ግን አሚኔ ሳይደርሳቸው ተቋርጧል። ደጋግሜ ደወልኩ፤ እምቢ አለ። እስከሚቀጥለው ገበያ ሰባት ቀን አለ። እስከዚያ አባቴ፣ ልጄ ምርቃቴን አልተቀበለም እያሉ ሽንኩርታቸውን ያጠጣሉ።